«ሜክ አፕ» በተባለው የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሥ ትርጓሜና አገባብ ላይ የቀረበ ሒስ

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ከላቲን የመጡትን ረዣዥም ቃላት እምብዛም አይፈራቸውም። ቃሉ ሲያዩት ከባድ ቢመስልም ትርጓሜው አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ በሄዱበት ሁሉ ያው ነው። የሚያስቸግሩት አጫጭሮቹ ናቸው። «ሜክ» ማለት «ሠራ» ወይም «አደረገ» መሆኑን፣ «አፕ» ማለትም «ወደ ላይ» መሆኑን ተማሪው ገና በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ዐውቋል። ሁለቱ «ሜክ አፕ» ሆነው ሲገናኙ ግን «ወደ ላይ ሠራ» የሚል ትርጓሜ አይሰጡም፤ በአንዱ ዓረፍተ ነገር «ታረቀ»፣ በሌላው «ከራሱ ፈጠረ»፣ በሦስተኛው «ተኳለ»፣ በአራተኛው «ጉድለት ሞላ» ይሆናሉ። እንግዲህ ሁለቱን ቃላት ለየብቻቸው የሚያውቅ ሰው ጥምረታቸውን ገና አላወቀም ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህን አንድ ሐረጋዊ ግሥ ልንመረምር ተነሥተናል። ሒሳችን በግሡ ላይ አይደለም፤ ቋንቋው የባለቤቶቹ ነውና። ሒሳችን ግሡ በእኛ ዘንድ በሚተረጐምበትና በሚጠናበት ልማድ ላይ ነው። ልማዱም ለሁላችን የታወቀ ነው፤ በደብተሩ ግራ ወገን የእንግሊዝኛው ሐረግ ይጻፋል፤ በቀኝ ወገን አንድ ምትክ ቃል ይጻፋል፤ በመካከላቸው የእኩልነት ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያም ይሸመደዳል። እኛ የምንለው ይህ የእኩልነት ምልክት ሐሰት ነው ነው። «ሜክ አፕ» ሰባት የማይገናኙ ትርጓሜዎች ያሉት እንቆቅልሽ ሳይሆን አንድ መሠረተ ሐሳብ ያለው ግሥ ነው፤ ትርጓሜውን በየጊዜው የሚወስነውም በደብተር የተጻፈው ምትክ ቃል ሳይሆን ተሳቢውና የሚከተለው መስተዋድድ ነው። ይህንንም ለመረዳት የአማርኛ ተናጋሪ ከራሱ ቋንቋ የሚያገኘው መሣሪያ አለ።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ነው የሚል እንዳይኖር አንድ ምሳሌ እናስቀድም። በደብተር ላይ «ሜክ አፕ ዋንስ ማይንድ» የሚለው ሐረግ «ዲሳይድ» ከሚለው፣ ማለት «ወሰነ» ከሚለው ጋር እኩል ተደርጎ ይጻፋል። ይህን የያዘ ተማሪ «ዳኛው ጉዳዩን ወሰነ» ለማለት ፈልጎ «ዘ ጀጅ ሜድ አፕ ዘ ኬስ» ብሎ ቢጽፍ፣ እንግሊዝኛ ዐዋቂው አንባቢ የሚረዳው «ዳኛው ክሱን ከራሱ ፈጠረው» የሚለውን ነው። ፍርድ የሰጠው ሰው ሐሰተኛ ተባለ ማለት ነው። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ይህ ስሕተት የቋንቋ ተማሪውን ብቻ የሚነካ አይደለም፤ የሕጉንም፣ የሕክምናውንም፣ የታሪኩንም ተማሪ ይመለከተዋል። ከፈተና ነጥብ አልፎም የሰው ስም ሊያጠፋ ይችላል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከዚህ በፊት እንዴት እንደ ታየ

ችግሩ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግሥ ከኋላው በሚከተለው ትንሽ ቃል ምክንያት ትርጓሜው እንደሚለወጥ፣ ይህም ዓይነት ጥምረት ምናልባት ከማንኛውም ቋንቋ ይልቅ በእንግሊዝኛ እንደሚበዛ፣ ለውጭ አገር ሰዎችም ከሁሉ የበለጠ ችግር እንደሚሆንባቸው አመልክቷል። «ሐረጋዊ ግሥ» የሚለው ስያሜ የተስፋፋው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ በ1925 ስለ ቃላትና ስለ ፈሊጦች ባሳተመው መጽሐፍ ስያሜውን ሲጠቀምበት፣ ከኦክስፎርዱ ታላቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ ከነበረው ከሄንሪ ብራድሊ ያገኘው መሆኑን ገልጿል።

በ1930 ደግሞ ሲ ኬ ኦግደን «ቤዚክ እንግሊሽ» የተባለውን ዘዴ አወጣ። ሐሳቡ የውጭ አገር ሰው በ850 ቃላት ብቻ እንግሊዝኛን እንዲናገር ማስቻል ነበር። ከእነዚህም ቃላት ግሦቹ 18 ብቻ ነበሩ። «ሜክ» ከእነርሱ አንዱ ነው፤ «አፕ»ም ከአቅጣጫ ቃላቱ አንዱ ነው። የቀሩት ግሦች ሥራ እንደነዚህ ባሉት ጥምረቶች ይሸፈን ነበር። ዘዴው በመጀመሪያ ሲያዩት ያስደስታል፤ ነገር ግን ስሌቱ ጉድለት አለበት። «ሜክ» አንድ፣ «አፕ» አንድ ተብለው ይቈጠራሉ፤ «ሜክ አፕ» ግን ከሁለቱ ድምር የማይገኝ ሦስተኛ ነገር ሆኖ ሳለ በ850ው ውስጥ ቦታ የለውም። ቃላትን መቀነስ ትርጓሜዎችን መቀነስ አይደለም። ሚካኤል ዌስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1934 ዘዴውን የሚመረምር ሒስ አሳትሟል፤ በ1953 ባወጣውም የተመረጡ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ቃላቱን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ትርጓሜ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጋጥም ጭምር አስፍሯል።

የጉዳዩን ስፋት በቍጥር ያሳዩት ጋርድነርና ዴቪስ ናቸው። በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ 100 ሚሊዮን ቃላት ባሉት የብሪታንያ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ውስጥ ሐረጋዊ ግሦችን ቈጥረው፣ 20 ግሦች ከ8 ትናንሽ ቃላት ጋር እየተጣመሩ ከጠቅላላው ከግማሽ የሚበልጠውን እንደሚይዙ አገኙ። «ሜክ»ም «አፕ»ም ከእነዚህ መካከል ናቸው። በብዛት የሚያጋጥሙት 100 ሐረጋዊ ግሦች ደግሞ በድምሩ 559 ትርጓሜዎች፣ ማለት ለአንዱ በአማካይ 5.6 ትርጓሜ እንዳላቸው አስረድተዋል። እንግዲህ ለአንድ ሐረግ አንድ ምትክ ቃል እየጻፈ የሚያጠና ተማሪ ከአምስት ወይም ከስድስት በሮች አንዱን ብቻ ከፍቶ ቤቱን በሙሉ ያየ ይመስለዋል።

ሰባቱ ትርጓሜዎች

የ«ሜክ አፕ»ን ዋና ዋና ትርጓሜዎች ከነምሳሌያቸው እንዘርዝር።

አንደኛ፤ ክፍሎች ተሰብስበው አንድ ሙሉ ነገር ሆኑ። «ኢለቨን ፕሌየርስ ሜክ አፕ ኤ ቲም»፤ ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች አንድ ቡድን ይሆናሉ።

ሁለተኛ፤ ልዩ ልዩ ነገሮችን አቀናብሮ አዘጋጀ። ባለመድኃኒቱ በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት መድኃኒቱን ሲቀምም፣ አስተናጋጅዋ አልጋውን ስታነጥፍ፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የጋዜጣውን ገጽ ሲያቀናብር ሦስቱም «ሜክ አፕ» አደረጉ ይባላል።

ሦስተኛ፤ ወሬን፣ ተረትን ወይም ምክንያትን ከራሱ አውጥቶ ፈጠረ። «ሂ ሜድ አፕ አን ኤክስኪውስ»፤ ምክንያት ፈጠረ።

አራተኛ፤ የጐደለውን ሞላ፣ ያመለጠውን አካካሰ። «ዊ ኒድ ቴን ብር ቱ ሜክ አፕ ዘ ሃንድረድ»፤ መቶውን ለመሙላት ዐሥር ብር ያስፈልገናል። አሜሪካኖች ያመለጠን ፈተና በሌላ ቀን መውሰድን በዚሁ ግሥ ይጠሩታል።

አምስተኛ፤ ፊትን በኩልና በቀለም አስጌጠ።

ስድስተኛ፤ ከጠብ በኋላ ታረቀ። «ዘይ ኳረልድ ባት ዘይ ሜድ አፕ»፤ ተጣልተው ነበር፣ ግን ታረቁ።

ሰባተኛ፤ «ማይንድ» ከሚለው ቃል ጋር ሲሆን፣ ቁርጥ ሐሳብ አደረገ።

እነዚህን ሰባቱን ለአማርኛ ብንሰጥ «ሆነ፣ ቀመመ፣ ፈጠረ፣ ሞላ፣ ተኳለ፣ ታረቀ፣ ቈረጠ» የሚሉ ሰባት ግሦች እናገኛለን። እነዚህን ሰባት ግሦች ጐን ለጐን አስቀምጦ የሚያያቸው ሰው አንድም ዝምድና አያገኝባቸውም። ለዚህ ነው ሸምዳጁ ተማሪ የሚደክመው፤ ከሳምንት በኋላም የሚረሳው።

መሠረቱ አንድ ስለ መሆኑ

በእኛ አስተያየት ዝምድናው የተሰወረው «አፕ» የሚለውን ቃል «ወደ ላይ» ብቻ ብለን ስለያዝነው ነው። «አፕ» ከግሥ በኋላ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው አቅጣጫን ሳይሆን ፍጻሜን ነው። «ኢት» በላ ነው፤ «ኢት አፕ» ግን በእኛ አነጋገር ጥርግ አድርጎ በላ ነው። «ድሪንክ» ጠጣ ነው፤ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ ጠጣ ነው። «ዩዝ» ተጠቀመበት ነው፤ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ ጨረሰው ነው። ድዋይት ቦሊንጀር በ1971 ስለ ሐረጋዊ ግሥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሱዛን ሊንድነርም በ1981 ስለ «አፕ»ና ስለ «አውት» ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት፣ እነዚህ ትናንሽ ቃላት ባዶ ማጣበቂያ ሳይሆኑ የራሳቸው ትርጓሜ ያላቸው መሆናቸውን አስረድተዋል።

ስለዚህ «ሜክ አፕ»ን «ክፍሎችን አሰባስቦ እስኪሞላ ድረስ ሠራ» ብለን ብንይዘው ወደ እውነቱ እንቀርባለን። ለዚህ የቈየ ምስክር አለ። በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 22 ቍጥር 30 ላይ፣ የፈረሰ አጥርን ክፍተት ለመድፈን የገባው ግሥ ይኸው «ሜክ አፕ» ነው። በትንቢተ ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ቍጥር 17 ደግሞ ውድ ጌጦችን ስለ መሰብሰብ ተነግሮበታል። ክፍተትን መድፈንና የተበተነውን መሰብሰብ፤ የዛሬዎቹ ትርጓሜዎች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙ አይርቁም።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ቡድኑ ሞላ፤ ይህ ግልጽ ነው። ባለመድኃኒቱ ቅመሞቹን አሰባስቦ መድኃኒቱን ሙሉ አደረገ። ወሬ ፈጣሪውም የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ ከዚህም ከዚያም አንዳንድ ነገር ለቃቅሞ አንድ ሙሉ ታሪክ ያቆማል፤ ልዩነቱ የለቀመው ነገር በሐሳቡ እንጂ በእውን የሌለ መሆኑ ነው። መቶ ብሩ በዐሥር ብር ጐድሎ ነበር፤ ሞላ። የፊት ማስጌጥ ትርጓሜ በ19ኛው መቶ ዓመት በቴአትር ቤት ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነበር፤ ተዋናዩ በቀለም፣ በሰው ሠራሽ ጠጕርና በልብስ አንድ ሙሉ ሌላ ሰው ሆኖ ይዘጋጅ ነበር፤ ቃሉ ከመድረክ ወርዶ ለዕለት ተዕለት መኳኳል የዋለው ከዚያ በኋላ ነው። የተጣሉ ወዳጆችም በመካከላቸው ክፍተት ተፈጥሮ ነበር፤ ልክ እንደ አጥሩ ክፍተቱ ተደፈነ።

ሰባተኛው ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። «ዲሳይድ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «ቈርጦ ጣለ» ማለት ነው። እኛም በአማርኛ «ለመሄድ ቈረጠ»፣ «ቁርጥ ሐሳብ አደረገ» እንላለን። ላቲንና አማርኛ ሳይመካከሩ ውሳኔን በስለት መስለውታል፤ ከሁለት መንገዶች አንዱ ተቈርጦ ይጣላል። «ሜክ አፕ ዋንስ ማይንድ» ግን ቢላዋ የለበትም። በዚያ አነጋገር የሚያመነታ ሰው ሐሳቡ የተበታተነ ነው፤ ሲወስን ተሰብስቦ ሙሉ ይሆንለታል። አንዱ ሐሳብ መቍረጥ፣ ሌላው መሰብሰብ ሆኖ ሳለ የእኩልነት ምልክት ያገናኛቸዋል። ምልክቱ ሐሰት ነው ያልነው ስለዚህ ነው።

ስለ አገባቡ

ትርጓሜው አንድ መሠረት ካለው፣ በየዓረፍተ ነገሩ የትኛው እንደ ተፈለገ በምን እናውቃለን? በመጀመሪያ በተሳቢው ነው። ተሳቢው ወሬ ወይም ምክንያት ከሆነ «ፈጠረ»፣ ገንዘብ ወይም ቍጥር ከሆነ «ሞላ»፣ አልጋ ከሆነ «አነጠፈ»፣ ፊት ከሆነ «ኳለ»፣ «ማይንድ» ከሆነ «ቈረጠ» ይሆናል። ተሳቢ ከሌለውና ባለቤቶቹ ተጣልተው የነበሩ ሰዎች ከሆኑ ደግሞ «ታረቁ» ነው።

ሁለተኛው መለያ የሚከተለው መስተዋድድ ነው። «ሜክ አፕ ፎር» ካሠ ነው፤ «ሜክ አፕ ዊዝ» ከእገሌ ጋር ታረቀ ነው፤ «ቢ ሜድ አፕ ኦቭ» ከእነዚህ ክፍሎች የተሠራ ሆነ ነው። በተለይ የዚህ የመጨረሻው ነገር ለጥናት ጸሓፊዎች እንዲታሰብበት እንወዳለን። «ዘ ሪፖርት ኢዝ ሜድ አፕ ኦቭ ሌተርስ» ማለት ሪፖርቱ ደብዳቤዎችን አሰባስቦ የያዘ ነው ማለት ነው። ከዚያው ዓረፍተ ነገር «ኦቭ ሌተርስ» የሚለው ቀርቶ «ዘ ሪፖርት ኢዝ ሜድ አፕ» ከተባለ ግን ሪፖርቱ የፈጠራ ነው ማለት ይሆናል። አንድ ትንሽ መስተዋድድ ከነተከታዩ በመቅረቱ በእውነት የተሰበሰበው ማስረጃ ሐሰት ተባለ።

ሦስተኛው የቃላቱ ተራ ነው። ተሳቢው ስም ሲሆን ከ«አፕ» በፊትም በኋላም ሊቆም ይችላል፤ «ሜድ አፕ ዘ ስቶሪ» ወይም «ሜድ ዘ ስቶሪ አፕ» ቢባል ያስኬዳል። ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ከመካከል መግባት ግዴታው ነው፤ «ሜድ ኢት አፕ» እንጂ «ሜድ አፕ ኢት» አይባልም። «ፎር» ካለ ደግሞ ተውላጠ ስሙ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ «ሜድ አፕ ፎር ኢት» ይባላል። ምክንያቱም «አፕ» በዚህ ቦታ የግሡ ተውሳክ ሲሆን «ፎር» ግን ስሙን ወይም ተውላጠ ስሙን የሚስብ መስተዋድድ ነው።

«ሜክ ኢት አፕ» የሚለው ራሱ ሦስት ፊት እንዳለው ልብ ይሏል። «ሂ ሜድ ኢት አፕ» ሲባል ወሬውን ከራሱ ፈጠረ ነው፤ «ዘይ ሜድ ኢት አፕ» ሲባል እንደ አነጋገሩ ታረቁ ሊሆን ይችላል፤ «አይ ዊል ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ» ሲባል እክስሃለሁ ነው። በደብተር ላይ በአንድ ቃል የተጻፈ ትርጕም እነዚህን ሊለይ አይችልም።

በመጨረሻም ስም ሲሆን የሚሆነውን እንመልከት። ግሡ ሲነገር ብዙ ጊዜ «አፕ» ይጠብቃል፤ ስም ሲሆን ግን ኀይሉ ወደ «ሜክ» ይመለሳል። በዛሬው አማርኛ «ሜካፕ» የሚል ቃል ገብቷል። በከተማ የፊት ማስዋቢያ ማለት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ደግሞ ያመለጠ ትምህርት ወይም ፈተና ማካካሻ ነው። ከሰባቱ አምስተኛውና አራተኛው ወደ ቋንቋችን ገብተዋል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ብድር ሊያዘናጋን ይችላል፤ የአንድ ኮሚቴ «ሜካፕ» ሲባል የአባላቱ ስብጥር እንጂ ኩልም ማካካሻም አይደለምና።

አማርኛ የሚሰጠን መሣሪያ

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሁሉ «የእንግሊዞች ጠባይ» ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። በራሱ ቋንቋ ተመሳሳይ ነገር በየቀኑ ይናገራልና። «አለ» ማለት ተናገረ ነው። «ዝም አለ» ሲባል ግን ተናገረ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ከፍ አለ» በሚሉት ሁሉ ውስጥ ንግግር የለም። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ በደብተሩ «አለ»ን ከ«ሰይድ» ጋር እኩል አድርጎ ቢጽፍ ምን ያህል እንደሚሳሳት ለእኛ ግልጽ ነው። እኛም በ«ሜክ አፕ» ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ደግሞም በግሥ መጨረሻ የሚገቡትን «ለ»ንና «በ»ን እንይ። ዳኛው «ፈረደለት» ሲባል ሰውየው ረታ፤ «ፈረደበት» ሲባል ተረታ። ወንድሙ «ደረሰለት» ሲባል ረዳው፤ አደጋ «ደረሰበት» ሲባል ተጐዳ። ግሡ አንድ ሲሆን አንዲት ፊደል ነገሩን ገለበጠችው። «ደረሰበት» ብቻውን እንኳ ብዙ መልክ አለው፤ መከራ ደረሰበት፣ ሮጦ ደረሰበት፣ ምስጢሩን ደረሰበት። በእነዚህ መካከል የምንለየው በባለቤቱና በተነገረለት ነገር ነው እንጂ ዝርዝር ሸምድደን አይደለም።

ንጽጽሩ ወሰን እንዳለው አንክድም። የአማርኛው «ለ» እና «በ» ከግሡ ጋር ተጣብቀው አንድን ሰው ወይም አንድን ነገር ያመለክታሉ፤ የእንግሊዝኛው «አፕ» ግን ለብቻው ቆሞ የድርጊቱን ፍጻሜ ያመለክታል። ለ«አፕ» የሚቀርበው በአማርኛ «ጥርግ አድርጎ»፣ «ጭልጥ አድርጎ» የሚለው ዓይነት አነጋገር ነው። ሆኖም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ትንሹን ቃል የናቀ ትልቁን ሐሳብ ያጣል።

ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ጓደኞቻችን እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፤ ሐረጋዊ ግሥ የተራ ንግግር ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ፋብሪኬት»፣ «ኮምፐንሴት»፣ «ሬኮንሳይል» ቢል ይበቃዋል። በመደበኛ ጽሑፍ ላይ እነዚህ ቃላት ብዙ ጊዜ የሚመረጡ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ተማሪ ጸሓፊ ብቻ አይደለም፤ አንባቢና አድማጭም ነው። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሲያነብ፣ ንግግር ሲሰማ የሚያጋጥመው «ሜክ አፕ» ነው። ከዚህም በላይ ምትኮቹ እኩያ አይደሉም። አያት ለልጅ ልጆችዋ ተረት ከራስዋ ፈጥራ ስትነግር «ሜክ አፕ» ቢባል ምስጋና ነው፤ «ፋብሪኬት» ቢባል ግን ክስ ይመስላል። በአማርኛም ተረት ፈጠረች ማለትና ወሬ ፈበረከች ማለት አንድ አይደሉም።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው፣ መሠረተ ሐሳቡ ከታወቀ ሌላው ሁሉ በራሱ ይገኛል ሊሉ ይችላሉ። ይህም ከልክ ያለፈ ነው። «ቤት ሠራ» ለማለት ማንም «ሜድ አፕ ኤ ሀውስ» አይልም፤ ቤት ከብዙ ክፍሎች ተሰባስቦ የሚሞላ ቢሆንም። «ሜክ አፕ ቱ» የሚለው፣ ለጥቅም ሲል ተለማመጠ ማለት የሆነው አነጋገር፣ ከላይ ካልነው መሠረት ጋር በቀላሉ አይገጥምም። መሠረተ ሐሳቡ የተባለውን ለመረዳትና ላለመርሳት ይጠቅማል፤ ያልተባለውን ለመፍጠር ግን ፈቃድ አይሰጥም። የሚባለውንና የማይባለውን የሚወስነው የተናጋሪዎቹ ልማድ ነው፤ እርሱም በማንበብና በማዳመጥ እንጂ በምርምር ብቻ አይገኝም።

መደምደሚያ

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ በደብተራችን ላይ የእኩልነት ምልክቱ ይቅር። በእርሱ ፈንታ ግሡ ከነባለቤቱ፣ ከነተሳቢውና ከነመስተዋድዱ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ አማርኛውም በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኤ ኤስ ሆርንቢና ባልደረቦቹ በ1942 በቶኪዮ ያሳተሙት፣ በ1948ም በኦክስፎርድ እንደ ገና የወጣው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የግሦችን አገባብ በየዓይነታቸው አሳይቷል። ቮልፍ ሌስላውም በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላቱን የሚተረጕመው በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ነው። መንገዱ ተጠርጎልናል፤ የቀረው መሄድ ነው።

ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን ፈተና ሲያወጡ «ለዚህ ሐረግ ምትክ ቃል ስጥ» ከማለት ይልቅ «ይህ ሐረግ በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያለውን ልዩነት አስረዳ» ቢሉ፣ ሸምዳጁና የተረዳው ይለያሉ። «ሜድ አፕ» ከነ«ኦቭ»ና ያለ«ኦቭ» ለዚህ በቂ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራው ለአንድ ተማሪ ወይም ለአንድ ጽሑፍ የሚበቃ አይደለም። እኛ አንዱን ግሥ ይዘናል። «ቴክ ኢን»፣ «ፑት አፕ»፣ «ሴት አውት»፣ «ጊቭ አፕ» ገና ይጠብቃሉ። እያንዳንዱን አንድ ተማሪ ይዞ ከአማርኛው ጋር እያስተያየ ቢመረምርና በዚህ መጽሔት ላይ ቢያወጣው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ስብስብ ይገኛል። በጽሑፋችን ላይ የጐደለ ወይም የተዛባ ነገር ያገኘ አንባቢም በሚቀጥለው እትም እንዲያርመን እንለምናለን።